የቀን ተቀን ልማዳችሁ አካባቢን ምን ያህል እንደሚጎዳ ቤታችሁ ሆናችሁ የምትለኩበት ዝርዝር መመሪያ

ኦንላይን ያሉትን አጫጭር ጥያቄዎች ሞልታችሁ አንድ ውጤት አይታችሁ ከዛ ገጹን ዘግታችሁ የረሳችሁት ብዙ ናችሁ። ይሄ ስንፍና አይደለም። ጥያቄዎቹ «በሳምንት ስንት ኪሎሜትር ትነዳለህ? ምን ያህል ምግብ ትጥላለህ?» ይላሉ፣ ይሄን ለክቶ የሚያውቅ ሰው ደሞ የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ ሁሉም በግምት ይሞላል፣ ግምት ደሞ ሁሌም ለራስ ያደላል። ሌላው ችግር ሰው የሚታየውን ብቻ መቁጠሩ ነው። ፌስታል ስለሚታይ ስለሱ እንጨነቃለን፣ ሻወር ላይ የሚወርደው ሙቅ ውሃ ስንት ኤሌክትሪክ እንደበላ ግን አይታይም።

ስለዚህ እዚህ የምትሰሩት ስራ መለካት ነው። አንድ ሳምንት ትመዘግባላችሁ፣ ከዛ አንድ ከሰአት ቁጭ ብላችሁ ታሰላላችሁ። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፣ መነሻ ቁጥር ሳትይዙ ከጀመራችሁ መጨረሻ ላይ የምታሰሉት ነገር አይኖራችሁም።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እቃ አዘጋጁ

- ደብተር ወይም ወረቀት። ስልክ ላይ ብቻ አትመኩ፣ እጁ እርጥብ የሆነ ሰው ስልክ አውጥቶ አይጽፍም። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፉት፣ እስክሪብቶውን በክር እሰሩበት።
- የኩሽና ሚዛን፣ ካገኛችሁ የሰው መመዘኛም።
- ስንት ሊትር እንደሚይዝ የምታውቁት ባልዲ። ካላወቃችሁ በ1 ሊትር የውሃ ጠርሙስ እየሞላችሁ ቁጠሩና ሊትር ሊትሩን ከውስጥ በማርከር አስምሩ።
- የስልክ ሰአትና ካሜራ።
- የምግብ ቀለም፣ ጥቂት ጠብታ ይበቃል።
- ወፍራም ጓንትና መሬት ላይ የሚነጠፍ ላስቲክ።

ሳምንቱን ምረጡ። ተራ ሳምንት ይሁን። በአል፣ እንግዳ፣ ጉዞ፣ ህመም ያለበት ሳምንት አይሆንም። ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት 1 ሰአት ከጀመራችሁ በቀጣዩ ሰኞ ጠዋት 1 ሰአት ጨርሱ።

ወሰናችሁን ወስኑ። ብዙ ሰው የሚጣበቀው እዚህ ነው። የቤቱ የጋራ የሆነውን (መብራት፣ ማብሰያ፣ ቆሻሻ) ለሁሉም አንድ ላይ ለኩና እዛ ቤት ለሚያድሩት ሰዎች ቁጥር አካፍሉ። የግል የሆነውን (ጉዞ፣ ልብስ፣ ስልክ) ለየብቻ ያዙ። የመስሪያ ቤታችሁ መብራት አይቆጠርም፣ ወደ ስራ የምትሄዱበት መንገድ ግን ይቆጠራል። አንዴ ከወሰናችሁ መሀል ላይ አትቀይሩ።

ቤተሰቡን አስታውቁ። በድብቅ አትለኩ፣ የሰው የሻወር ሰአት በድብቅ መቁጠር ጠብ ነው የሚያመጣው። «ማንም እንዲወቀስ አይደለም፣ ቁጥሩን ለማወቅ ነው» በሏቸው፣ እናንተም ቃላችሁን ጠብቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ሳምንት ምንም አታሻሽሉ። ሰው እየተለካ መሆኑን ሲያውቅ በአንዴ ቆጣቢ ይሆናል። እንደዛ የተገኘ ቁጥር ያማረ ነው ግን የናንተ አይደለም። እየቆጠባችሁ ራሳችሁን ስትይዙ ከወረቀቱ ጎን ኮከብ አርጉበት፣ ኮከቡ ከበዛ ሌላ ሳምንት ጨምሩ።

## ደረጃ 1፦ ኤሌክትሪክ

1. በመጀመሪያው ቀን ጠዋት ቆጣሪውን ፎቶ አንሱት። ከነጥብ በኋላ ያለውን ወይም በቀይ የተከበበውን አሀዝ ለይታችሁ አንብቡ፣ እሱ ክፍልፋይ ነው። ካደባለቃችሁት ፍጆታችሁ አስር እጥፍ ይሆናል።
2. በመጨረሻው ቀን በዛው ሰአት ድጋሚ ፎቶ አንሱ፣ የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ቀንሱ። የሚቀረው የሳምንቱ ኪሎዋት ሰአት ነው።
3. ቆጣሪው ቅድመ ክፍያ ከሆነና የሚያሳየው ቀሪውን ብቻ ከሆነ፣ የመነሻው ቀሪ ሲደመር በሳምንቱ የሞላችሁት ሲቀነስ የመጨረሻው ቀሪ።

የተኛ ቤት ፈተና። ይሄን ሳትሰሩ አትለፉ፣ ከሁሉም በላይ የሚያስገርማችሁ ይሄ ነው። ማታ መብራቱን በሙሉ አጥፉ፣ ቲቪውን እንደተለመደው በሪሞት ብቻ አጥፉት፣ ቻርጀሮቹ ሶኬት ላይ ይቆዩ፣ ፍሪጁን ግን ከሶኬት ንቀሉት (በሩን ሳትከፍቱ ለ15 ደቂቃ ምንም አይሆንም)። አሁን ቆጣሪው ጋ ሂዱ። ዲጂታል ከሆነ ብልጭ የምትል ትንሽ ቀይ መብራት አለችው፣ አጠገቧ ደሞ 1000 ወይም 1600 ወይም 3200 የሚል ቁጥር ተጽፏል። ያ ማለት ለ1 ኪሎዋት ሰአት ያን ያህል ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። ከአንዱ ብልጭታ እስከሚቀጥለው ያለውን ሰከንድ ያዙና እንዲህ አስሉ፦ 3,600,000 ለ (የተጻፈው ቁጥር ሲባዛ ሰከንዱ) ይካፈል። ቁጥሩ 1600 ሆኖ 45 ሰከንድ ከፈጀባት 50 ዋት ነው። ትንሽ ይመስላል፣ ግን ቀንና ሌሊት 50 ዋት በአመት 438 ኪሎዋት ሰአት ነው፣ ማንም ሳይጠቀምበት።

መብራቷ ቶሎ ቶሎ እያለች ካስቸገረቻችሁ አንዱን እቃ ከሶኬት እየነቀላችሁ ልዩነቱን እዩ። አብዛኛውን ጊዜ ቦይለር ነው የሚወጣው፣ ቀጥሎ ዲኮደርና የቆየ ስፒከር። ሁሉም ተነቅሎ አሁንም ብልጭ የምትል ከሆነ ወይ የረሳችሁት እቃ አለ ወይ ከመስመራችሁ ላይ ሌላ ሰው ይጠቀማል ወይ የሽቦ ችግር አለ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ባለሙያ ይየው። የቆጣሪውን ማሸጊያ ራሳችሁ እንዳትነኩ። ቤት ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሰራ የህክምና መሳሪያ ካለ ይሄን ፈተና ተዉት።

ቆጣሪው የጋራ ከሆነ በእቃ በእቃ ሂዱ፦ እቃው ላይ የተጻፈው ዋት ሲባዛ የሰራበት ሰአት ሲካፈል ለ1000። ፍሪጅ ላይ ግን ዋቱን በ24 እንዳታባዙ፣ ሞተሩ እየጠፋ እየበራ ስለሚሰራ ውሸት ቁጥር ይሰጣችኋል። የፍሪጁ ምልክት ላይ የአመት ፍጆታ ካለ እሱን ለ52 አካፍሉ።

## ደረጃ 2፦ ማብሰያ

ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ ሲሊንደሩን በሳምንቱ መጀመሪያና መጨረሻ መዝኑት፣ ልዩነቱ የተቃጠለው ነው። 1 ኪሎ የማብሰያ ጋዝ ሲቃጠል ወደ 3 ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ (ምድርን የሚያሞቀው ጋዝ) ይወጣዋል። ከተቃጠለው ነገር የወጣው ጭስ እንዴት በለጠ አትበሉ፣ ካርቦኑ ከአየር ውስጥ ኦክስጅን ይዞ ነው የሚወጣው።

ስትመዝኑ መክፈቻውን ዝጉ፣ እሳቱ ሙሉ ለሙሉ ይጥፋ፣ ሲሊንደሩን አታጋድሙት። ስትመልሱት መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ቀቡ። አረፋው ፊኛ እየሰራ ካበጠ ጋዝ እያፈሰሰ ነው፣ ወዲያው ዝጉትና መስኮት ክፈቱ፣ መብራት አታብሩ አታጥፉ። በክብሪት የሚፈትሽ ሰው ካያችሁ አስቁሙት።

ከሰል ወይም እንጨት ከሆነ ለሳምንቱ የሚሆነውን መዝናችሁ ለብቻው አስቀምጡ፣ ከዛ ብቻ ተጠቀሙ፣ የተረፈውን ቀንሱ። ከሰል ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ በተለመደው አከሳሰል 1 ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይሄዳል፣ ስለዚህ 4 ኪሎ ከሰል ከ20 እስከ 40 ኪሎ እንጨት ብላችሁ መዝግቡ። ወደ ካርቦን አትቀይሩት፣ የተቆረጠው ዛፍ መተካት አለመተካቱ ውጤቱን ሙሉ በሙሉ ስለሚለውጠው የእንጨቱን ክብደት እንዳለ መያዝ ይሻላል።

ከወረቀቱ ጥግ ላይ ደሞ ድስት ሳይከደን የተበሰለበትን ጊዜ ሁሉ አንድ ጭረት አርጉ። ነጻ የሚገኝ ቁጠባ ያለው እዛ ነው።

## ደረጃ 3፦ ውሃ፣ በተለይ ሙቅ ውሃ

1. ሻወር። ባልዲውን ከስሩ አርጋችሁ እንደተለመደው ክፈቱት፣ ልክ 15 ሰከንድ ሲሆን ዝጉ። የተጠራቀመውን በ4 አባዙ፣ የደቂቃ ፍሰቱ እሱ ነው። 2 ሊትር ተኩል ካገኛችሁ በደቂቃ 10 ሊትር ማለት ነው።
2. ሳምንቱን ሙሉ ሁሉም ሰው ሲገባ ሰአቱን ያስነሳ፣ ሲወጣ ደቂቃውን ይጻፍ። ውሃው እስኪሞቅ የሚፈሰውም ይቆጠራል፣ እንደውም እሱን ለብቻው ጻፉት።
3. ሽንት ቤት። ወደ ታንኩ የሚገባውን ውሃ ዝጉ፣ አንዴ ልቀቁት፣ ከዛ በጠርሙስ እየቆጠራችሁ እስከነበረበት መስመር ሙሉት። የቆዩት በአንዴ 13 ሊትር የሚለቁ አሉ፣ አዳዲሶቹ 6 እና ከዛ በታች።
4. የቀለም ፈተና። ማታ ታንኩ ውስጥ የምግብ ቀለም ጠብ ጠብ አርጉና ግማሽ ሰአት ማንም እንዳይለቀው። ተመልሳችሁ ሳህኑን በባትሪ እዩት። ከውሃው ጫፍ ላይ ቀጭን ባለቀለም መስመር እየወረደ ከሆነ የታንኩ ጎማ አልቋል፣ ድምጽ ሳያሰማ ቀንና ሌሊት እያፈሰሰ ነው። ጎማው ርካሽ ነው፣ ሳምንቱ እንዳለቀ ቀይሩት።
5. የሚንጠባጠብ ቧንቧ። ከስሩ ብርጭቆ አስቀምጡ፣ 1 ሰአት ጠብቁ፣ መዝኑት (1 ግራም 1 ሚሊሊትር ነው)። ግማሽ ሊትር ከወጣ በቀን 12 ሊትር፣ በአመት ወደ 4,400 ሊትር።

የውሃ ቆጣሪ ካላችሁ የመጨረሻ ማረጋገጫ አለ፦ ማታ ስትተኙ ፎቶ አንሱት፣ ጠዋት ማንም ውሃ ሳይነካ ድጋሚ አንሱት። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ሌሊቱን የሚሄድ ውሃ አለ። ታንከር ካላችሁ ግን መጀመሪያ እሱ መሙላቱን አረጋግጡ፣ ካለበለዚያ ታንከሩ ሲሞላ «ቧንቧ ፈንድቷል» ብላችሁ ትደነግጣላችሁ።

አሁን የሙቀቱን አስሉ። 100 ሊትር ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 40 ለማድረስ 2.3 ኪሎዋት ሰአት ያስፈልጋል። ያ በደቂቃ 10 ሊትር በሚያወርድ ሻወር 10 ደቂቃ ነው። በዛው ጉልበት አንድ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል 250 ሰአት ይበራል። ልጆችን ስለ አንድ አምፖል እየተቆጡ ግማሽ ሰአት ሻወር የሚወስድ አባወራ ይሄን ቁጥር ማየት አለበት። የሻወሩ ፍጆታ ከደረጃ 1 ቁጥር ውስጥ ስላለ ግን ድጋሚ እንዳትደምሩት፣ ለብቻው የምታዩት ድርሻውን ለማወቅ ነው።

## ደረጃ 4፦ ጉዞ

መኪና ያላችሁ፦ ጌጁ ላይ ያለው ግምት አይበቃም። በመጀመሪያው ቀን ማደያ ገብታችሁ ፉል አስሞሉ፣ ኪሎሜትሩን ፎቶ አንሱ። ሳምንቱን እንደተለመደው ንዱ። በመጨረሻው ቀን ከተቻለ እዛው ማደያ ድጋሚ ፉል አስሞሉ። ሁለተኛው ላይ የገባው ሊትር የሳምንቱ ፍጆታ ነው። ቤንዚን ከሆነ በ2.3፣ ናፍጣ ከሆነ በ2.7 አባዙት፣ ኪሎ ካርቦንዳይኦክሳይድ ነው። መሀል ላይ ከሞላችሁ ደረሰኙን ያዙና ደምሩት፣ ድንገት ከጠፋባችሁ ግን አትገምቱ፣ ከሚቀጥለው ፉል ጀምራችሁ ድገሙት።

እያንዳንዱን ጉዞ በአንድ መስመር ጻፉ፦ ከየት የት፣ ስንት ኪሎሜትር፣ መኪናው ውስጥ ስንት ሰው ነበር፣ በእግር የሚሄዱት ነበር ወይስ አልነበረም። የመጨረሻዋ ጥያቄ ላይ እውነቱን ጻፉ። ሞተር ሳይሞቅ የሚነዱ አጫጭር መንገዶች በኪሎሜትር ሲታሰቡ ከረጅሙ የበለጠ ነዳጅ ይበላሉ፣ ከ2 ኪሎሜትር በታች ያሉትን ከበብ ከበብ አርጉባቸው። የጎማ አየርም አስለኩ፣ የላላ ጎማ ነዳጅ ይበላል።

በህዝብ ትራንስፖርት የምትሄዱ፦ ኪሎሜትሩን በስልክ ካርታ እዩና ጻፉ። ለማነጻጸር ያህል፣ በ100 ኪሎሜትር 35 ሊትር ናፍጣ የሚበላ አውቶብስ 40 ሰው ከጫነ በአንድ ሰው በኪሎሜትር ወደ 24 ግራም ይደርሳል፣ በ100 ኪሎሜትር 8 ሊትር ቤንዚን የምትበላ መኪና ውስጥ ብቻውን ያለ ሰው ግን ወደ 184 ግራም። እዛችው መኪና ውስጥ አራት ሰው ሲገባ ለየአንዳንዱ 46 ይሆናል። ስለዚህ «መኪና አለኝ፣ አበቃልኝ» አትበሉ፣ ባዶ ወንበሩን ቁጠሩ።

አውሮፕላን፦ ሳምንቱ ውስጥ ስለማይገባ የብዙ ሰው ስሌት እዚህ ላይ ይበላሻል። ኢሜላችሁ ውስጥ ያለፉት 12 ወራት ትኬቶችን ፈልጉ፣ ርቀቱን ደርሶ መልስ ደምሩ፣ በኪሎሜትር 90 ግራም አርጋችሁ አባዙት። ይሄ ለመንገደኛ በረራ አማካይ ነው፣ ሰፊ ወንበር ላይ የሄደ ሰው ድርሻው ይጨምራል፣ አውሮፕላኑ ከላይ የሚተወው የጭስ መስመር የሚያመጣው ሙቀት ደሞ እዚህ ውስጥ የለም። ደርሶ መልስ 4,000 ኪሎሜትር ወደ 360 ኪሎ ነው።

## ደረጃ 5፦ ምግብ

ሁለት ነገር ነው የምትመዘግቡት፣ የበላችሁትና የጣላችሁት።

የበላችሁት፦ እያንዳንዱን ምግብ ከአራቱ በአንዱ ምድብ ጭረት አርጉ። የከብት ወይ የበግ ስጋ ያለው፣ ዶሮ ወይ አሳ ያለው፣ እንቁላል ወይ የወተት ውጤት ያለው፣ ሙሉ በሙሉ ከእጽዋት የሆነ። ሁለት ካለበት ወደ መጀመሪያ የተጻፈው ውስጥ አስገቡት። የከብት ስጋ ለብቻው የወጣው የሚያመሰኳ እንስሳ ሚቴን ስለሚያስወጣ፣ መኖና መሬትም በብዛት ስለሚፈልግ ነው። ሚቴን በ100 አመት ሲታሰብ ከካርቦንዳይኦክሳይድ ከ25 እጥፍ በላይ፣ በ20 አመት ሲታሰብ ደሞ ወደ 80 እጥፍ ያሞቃል። 1 ኪሎ የበሬ ስጋ ጀርባው ላይ በአስሮች የሚቆጠር ኪሎ ልቀት (ወደ አየር የሚለቀቅ የሚያሞቅ ጋዝ) አለው፣ ጥራጥሬ ግን ወደ 1 ኪሎ አካባቢ ነው። ከብቱ እንዴት እንደረባ ስለሚለያይ ወደ ኪሎ ካርቦን ለመቀየር አትድከሙ፣ ጭረቱ ይበቃል።

የጣላችሁት፦ ኩሽና ውስጥ ሁለት እቃ አስቀምጡ፣ አንዱ ለልጣጭና ለአጥንት፣ ሁለተኛው መበላት ሲችል ለተጣለ። በየማታው ሁለተኛውን መዝኑና ምክንያቱን በአንድ ቃል ጻፉ፦ በስብሶ፣ ተርፎ፣ ቀኑ አልፎ፣ ሳህን ላይ ቀርቶ። ክብደቱ ይጠቅማል፣ ምክንያቱ ግን የበለጠ ይጠቅማል፣ «በስብሶ» የበዛበት ቤት ችግሩ ግዢ ላይ ነው፣ «ተርፎ» የበዛበት ደሞ መጥኖ ማብሰል ላይ። ሁለቱ አንድ መድሀኒት የላቸውም።

የተባበሩት መንግስታት የአካባቢ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣው ሪፖርት ቤት ውስጥ የሚጣል ምግብ በአለም አማካይ በአንድ ሰው በአመት 79 ኪሎ ነው ይላል፣ በሳምንት 1 ኪሎ ተኩል ማለት ነው። እሱ ግን ልጣጩንና አጥንቱንም ስለሚጨምር ስታነጻጽሩ ሁለቱን እቃችሁን ደምራችሁ ለሰው አካፍሉ።

ሁለት ቀን ሳትመዝኑ ካለፋችሁ ባዶውን ቦታ በዜሮ አትሙሉት። የመዘናችሁትን ቀን ብቻ ደምራችሁ ለቀኖቹ አካፍሉና በ7 አባዙ።

## ደረጃ 6፦ ቆሻሻ

ሳምንቱን ሙሉ የተጠራቀመውን (ከምግቡ ውጪ) በመጨረሻው ቀን ውጪ ላይ ላስቲክ አንጥፋችሁ ዘርግፉት። ጓንት ግዴታ ነው። መርፌ፣ ምላጭ፣ የተሰበረ ብርጭቆ ሊኖር ስለሚችል እጃችሁን ወደ ውስጥ አትስደዱ፣ ከረጢቱን ገልብጣችሁ አፍስሱት። ልጆች በዚህ ሰአት አይቅረቡ።

ከዛ ለዩ፦ ፕላስቲክ፣ ወረቀትና ካርቶን፣ ብረትና ቆርቆሮ፣ ብርጭቆ፣ ጨርቅ፣ አደገኛው (ባትሪ፣ መድሀኒት፣ አምፖል፣ የኬሚካል እቃ) እና ሌላ። እያንዳንዱን መዝኑ። ፕላስቲክ ቀላል ስለሆነ በክብደት ብቻ አትዩት፣ ቁጥሩንም ቁጠሩ፣ አንዴ ብቻ ተጠቅማችሁ የጣላችሁትን ለብቻ። ፎቶ አንሱት። ስድስት ተመሳሳይ ጠርሙስ ተደርድሮ ማየት ከቁጥር በላይ ይናገራል።

ባትሪና መድሀኒት ከተራው ቆሻሻ ጋር አይመለሱም፣ ውሃ መውረጃም ውስጥ አይጣሉም፣ የሚቀበል ቦታ እስክታገኙ በተከደነ እቃ ይቀመጡ። ለይታችሁ ስትጨርሱ ፕላስቲኩን «ላቃጥለው» እንዳትሉ። በተለይ ፒቪሲ ሲቃጠል ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ይወጣዋል፣ ጭሱን የምትተነፍሱት ደሞ እናንተና ጎረቤቶቻችሁ ናችሁ።

## ደረጃ 7፦ ግዢ

ይሄ በሳምንት አይለካም፣ 12 ወር ወደኋላ ሂዱ። የባንክ መልእክት፣ ደረሰኝ፣ የስልክ ፎቶ እዩ። ልብስ፣ ጫማ፣ ኤሌክትሮኒክስና የቤት እቃ ዘርዝሩና ከእያንዳንዱ ጎን ሁለት ነገር ጻፉ፦ አሮጌው ምን ሆኖ ነው፣ አዲሱን ባለፈው ወር ስንቴ ተጠቀማችሁበት።

ስልክ ላይ ትኩረት ስጡ። አንድ ስማርት ስልክ በህይወቱ ከሚያመጣው ልቀት አብዛኛው የሚወጣው ሲመረት ነው፣ እናንተ ከመክፈታችሁ በፊት። ስለዚህ ቻርጅ ስታደርጉ ከምትቆጥቡት ይልቅ ባትሪ ቀይራችሁ ሁለት አመት ብትጨምሩበት የትየለሌ ይበልጣል።

## ደረጃ 8፦ ስሌቱ

1. ወደ ካርቦን የሚቀየሩትን ብቻ ቀይሩ፦ ኤሌክትሪክ፣ ጋዝ፣ ነዳጅ፣ በረራ። ውሃን በሊትር፣ ቆሻሻን በኪሎ፣ ምግብን በጭረት፣ ግዢን በቁጥር ተዉት። ሁሉን ጨምቆ አንድ ነጥብ ለማውጣት መሞከር ነው ኦንላይኖቹን ጥያቄዎች ከንቱ ያደረጋቸው።
2. ኤሌክትሪኩ ከምን እንደሚመነጭ እወቁ። አይፒሲሲ (የአየር ንብረት ለውጥን የሚገመግመው የተባበሩት መንግስታት አካል) እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መሰረት፣ ከግንባታ እስከ ማብቂያ ሲታሰብ ለ1 ኪሎዋት ሰአት የድንጋይ ከሰል ወደ 820 ግራም፣ የተፈጥሮ ጋዝ ወደ 490፣ የውሃ ሀይል ወደ 24፣ ንፋስ ወደ 11 ግራም ነው። ድብልቅ ከሆነ ትልቁን ድርሻ የያዘውን ተጠቀሙና «በግምት» ብላችሁ ጻፉበት።
3. ሳምንታዊውን በ52 አባዙ። በረራው አመታዊ ስለሆነ አይባዛም።
4. የቤቱን የጋራ ለሰው ቁጥር አካፍሉ፣ የግሉን ጨምሩ።

ምሳሌ፦ አራት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት 42 ኪሎዋት ሰአት፣ 2.5 ኪሎ ጋዝና 20 ሊትር ቤንዚን ተጠቀመ፣ መኪናዋ የጋራ ነች። በአመት ጋዙ 390 ኪሎ፣ ቤንዚኑ 2,392 ኪሎ። ኤሌክትሪኩ 2,184 ኪሎዋት ሰአት ነው፣ ከድንጋይ ከሰል ከመጣ ወደ 1,790 ኪሎ፣ ከውሃ ሀይል ከመጣ ግን ወደ 52 ኪሎ። አያችሁ ልዩነቱን፣ ያው ቤት ያው አምፖል። መብራቱ ከውሃ ሀይል የሚመጣለት ቤተሰብ ቻርጀር እያሳደደ ሳምንት ከሚያጠፋ መኪናዋን ቢያይ ይሻለዋል። የድንጋይ ከሰሉ ቤት ደሞ ሁለቱንም ማየት አለበት።

ከሌላ ሰው ወይ ከአለም አማካይ ጋር አታነጻጽሩት። በአለም አማካይ አንድ ሰው ላይ የሚደርሰው የካርቦንዳይኦክሳይድ መጠን በአመት 4.7 ቶን አካባቢ ይባላል፣ እሱ ግን ፋብሪካውን፣ መንገዱን፣ ሆስፒታሉን ሁሉ ለሰው አካፍሎ ነው። የናንተ ቁጥር ያንን ስለማይጨምር ሁሌም ያነሰ ይመስላል፣ ያለቦታው እንዳያኮራችሁ። የምታነጻጽሩት ከሚቀጥለው ልኬታችሁ ጋር ነው።

## ደረጃ 9፦ አንድ ነገር መምረጥና እንደገና መለካት

ካርቦኖቹን ከትልቅ ወደ ትንሽ ደርድሩ። ከላይ ካሉት ሶስቱ ውስጥ ገንዘብ ሳታወጡ በዚህ ወር ልትቀይሩት የምትችሉትን አንድ ምረጡ። አንድ ብቻ። ፍሳሽ ካገኛችሁ (ቧንቧ፣ ጎማ፣ የተኛ ቤት) እሱ ከምርጫው ውጪ ነው፣ ዝም ብላችሁ አስጠግኑት።

«ነዳጅ እቀንሳለሁ» አትበሉ፣ ከበብ ያረጋችሁባቸውን ጉዞዎች አይታችሁ «ማክሰኞና ሀሙስ በእግር» በሉ። ከአራት ሳምንት በኋላ የመረጣችሁትን ደረጃ ብቻ በተመሳሳይ መንገድ ድገሙት።

ሁለተኛው ልኬት ላይ የሚያጋጥሙ ነገሮች፦

- ቁጥሩ ምንም አልቀነሰም። ልማዱ በእርግጥ ተቀይሮ እንደሆነ ወረቀቱን እዩ። ተቀይሮ ካልቀነሰ የተቆጠበው ሌላ ቦታ ሄዷል፣ ለምሳሌ በእግር የተሄደበትን ቀን ነዳጅ ቅዳሜ ለሽርሽር ወስዶታል።
- ጨምሯል። አየሩን አስታውሱ። በብርድ ጊዜ ማሞቂያ፣ በሙቀት ጊዜ ማቀዝቀዣ ኤሌክትሪኩን ስለሚቀይረው የመጀመሪያውን ልኬት በሌላ ወቅት ድገሙና የሁለቱን አማካይ ያዙ። የ12 ወር ቢል ካላችሁ በ52 ከማባዛት እሱን መደመር ይሻላል።
- አንድ ሰው መመዝገብ አቁሟል። አትለማመጡ፣ አትቆጡ። የሱን የግል ክፍል አውጡና የጋራውን ብቻ ቀጥሉ። በመጀመሪያው ልኬት ላይም የሱን ድርሻ አውጡ፣ ካለበለዚያ ሁለቱ ቁጥሮች አይነጻጸሩም።
- ቤቱ ውስጥ ሰው ጨምሯል ወይ ቀንሷል። ለሰው ያካፈላችሁበትን ቁጥር ቀይሩ። ማብሰያና ፍሪጅ ላይ ግን ሰው ሲቀንስ የአንድ ሰው ድርሻ ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው፣ ፍሪጁ አንድ ሰውም አምስት ሰውም ቢጠቀምበት ያው ይሰራል፣ እሱን እንደ ልማድ መበላሸት አትቁጠሩት።

ከቀነሰ ወረቀቱ ላይ ቀኑን ጻፉበት፣ ከዝርዝሩ ሁለተኛውን አውጡና ከደረጃው መነሻ ጀምሩ።